የሞንቴሶሪ መምሪያና የአባቴ ጥያቄ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ይዘጋ ሲባል ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ የተባለው ለአሥራ አምስት ቀን ነው። አሥራ አምስቱ ቀን ወር ሆነ፣ ወሩም ወራትን ወለደ፤ የቀረውን አንባቢም ያውቀዋል። እኔ ቢሮ የለኝም፤ ቤቴ ተቀምጬ ጽፌ፣ የጻፍኩትን ለመጽሔትና ለጋዜጣ ሰጥቼ የማድር ሰው ነኝ። ስለዚህ ልጅቷን የማስተማሩ ሥራ ማንም ሳይጠይቀኝ እኔ ላይ ወደቀ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዣለሁ እንጂ ሕፃን ስለ ማስተማር የተማርኩት አንዳችም ነገር አልነበረም።

ጭንቀቴን ለእትዬ በስልክ አጫወትኳት። እትዬ ታላቅ እኅቴ ናት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ ሁለቱንም ልጆቿን እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ ያስተማረቻቸው ቤቷ ውስጥ ነው። በአሜሪካ ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር ከ1993 ጀምሮ በሃምሳውም ግዛት በሕግ የተፈቀደ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከኢትዮጵያ ውጭ ስላለው ነገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) «ምን ያስጨንቅሻል? የሞንቴሶሪ መምሪያ እልክልሻለሁ» አለችኝ። ሦስቱን ወዲያው በኢሜይል፣ ሁለቱን ቆይታ በሰው እጅ ላከችልኝ።

አምስቱ መምሪያዎች ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዱ ለእያንዳንዱ ሳምንት፣ ለሰኞ ይህን ለማክሰኞ ያን እያለ የሠላሳ ስድስት ሳምንት ሰንጠረዥ ዘርግቷል። ሌላው ሰንጠረዥ የሚባል ነገር ነውር ነው ይላል። አንደኛው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ የእንጨት ዕቃ ካልተገዛ አይሆንም ሲል፣ ሌላው ባቄላና ሁለት ሲኒ ይበቃሻል ይላል። ሁሉም ሞንቴሶሪ ነኝ ባይ ነው። እኔ ደግሞ ስሙን ከዚያ በፊት የማውቀው በአዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ነበር። ልጄን ያስገባሁበት አንዱ ስሙን በትልቁ ጽፎ ለጥፏል፤ ውስጡ ስገባ ያየሁት ግን አርባ ሕፃን አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ «ኤ ፎር አፕል» ሲል ብቻ ነው።

ኋላ ስመለከት ለዚህ ዝብርቅርቅ ምክንያት አለው። በ1967 ሁለት ማኅበሮች፣ አንዱ የአሜሪካ አንዱ ዓለም አቀፍ፣ በስሙ ባለቤትነት ተካሰሱ። የአሜሪካ የንግድ ምልክት ዳኞች «ሞንቴሶሪ» የትምህርት ዘዴ መጠሪያ እንጂ የማንም የግል ንብረት አይደለም ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ስሙን መምሪያ ላይ ለማተም ማንንም ማስፈቀድ አያሻም። እንግዲህ ምርጫው የገዢው ዕዳ ነው ማለት ነው።

እኔም መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳገላብጥ አባባ መጡ። አባባ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። አባታቸው በአምስቱ ዓመት ጫካ የገቡ ሰው ስለነበሩ ጣሊያን የሚል ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል። ሽፋኑ ላይ ያለችውን ሴትዮ አተኩረው አዩና፣

«ጣሊያን ናት?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ሐኪም ነበረች።»

«እሺ። በሙሶሎኒ ጊዜ ታዲያ የት ነበረች?»

አላውቅም ነበር። አምስቱም መምሪያዎች ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር አልጻፉም። «ልጅሽን ምን እንደምታስተምሪያት ከመምረጥሽ በፊት ማን እንዳስተማረሽ እወቂ» ብለው ወጡ። ይህን ታሪክ መከታተል የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

ማሪያ ሞንቴሶሪ የተወለደችው በ1870፣ አንኮና አጠገብ ባለችው ኪያራቫሌ ከተማ ነው። ከሮማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀችው ጁላይ 1896 ነው፤ በጣሊያን አገር ሐኪም ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። ዓመተ ምሕረቱ ለእኛ አዲስ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሲሆን፣ እሷ የተመረቀችው ከአራት ወር በኋላ፣ ክሪስፒ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ፣ የሮማ ሕዝብ ሐዘንና ቁጣው ገና ባልበረደበት ክረምት ነው።

የመጀመሪያ ሥራዋ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ነበር። ኢታርና ሴጌን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ስለ እነዚህ ልጆች የጻፉትን ፈልጋ አነበበች፤ ማንበብ ብቻ አልበቃትም፣ ወደ ጣሊያንኛ እየመለሰች በገዛ እጇ ገለበጠችው። እጅ ያልነካውን አእምሮ አይዘውም የሚለው እምነቷ ከእነሱ የመጣ ነው። በ1898 ደግሞ ከሥራ ባልደረባዋ ከዶክተር ሞንቴሳኖ ወንድ ልጅ ወለደች። ትዳር አልነበራቸውምና ልጁ ማሪዮ ገጠር ውስጥ በሞግዚት እጅ አደገ። እናቱ ይዛው አብራው መኖር የጀመረችው የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ነው፤ ለሰውም ለብዙ ጊዜ የወንድሜ ልጅ እያለች ታስተዋውቀው ነበር። የዓለምን እናቶች ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ያስተማረችው ሴት የራሷን ልጅ ሕፃንነት አላየችም። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ልጄ ወለሉ ላይ ምስር ትበትን ነበር።

ስሟ የወጣው በሳን ሎሬንዞ ነው። ሳን ሎሬንዞ በሮማ ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ የሚገኝ የድሆች ሰፈር ነበር። አንድ የቤት ኩባንያ በጅምር የቀሩትን ፎቆች አድሶ ሠራተኛ ቤተሰቦችን አስገባባቸው። አባትና እናት ጠዋት ለሥራ ሲወጡ ሕፃናቱ ብቻቸውን ይቀሩና አዲስ የተቀባውን ግድግዳ ይሞነጫጭራሉ፣ ደረጃውን ያበላሻሉ። ኩባንያው ቢያሰላው ለዕድሳት ከሚከፍል ልጆቹን ሰብስቦ የሚጠብቅለት ሰው ቢቀጥር ይረክሰዋል። ዶክተሯን ጠራ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 በማርሲ መንገድ ቁጥር 58 የመጀመሪያው «የሕፃናት ቤት» ሃምሳ ያህል ልጆች ይዞ ተከፈተ። እንግዲህ ዛሬ ሀብታም ልጁን የሚልክበት ትምህርት የተጀመረው የግድግዳ ቀለም ለመቆጠብ ነው።

እዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን እያንዳንዱ መምሪያ በየራሱ መንገድ ይተርከዋል። እኔን የነካኝ የጣሪያው ላይ ነገር ነው። ልጆቹ ከሸካራ ወረቀት ተቆርጠው ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ፊደሎችን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፁን እየጠሩ ሰንብተዋል፤ ጻፉ ያላቸው ግን የለም። በዲሴምበር ወር አንድ ፀሐያማ ቀን ሰገነቱ ላይ ሞንቴሶሪ ለአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጠመኔ ሰጥታ ጭስ ማውጫውን እንዲሥል ጠየቀችው። ሣለው። ከዚያ በራሱ ጊዜ ወለሉ ላይ እጅ፣ ጭስ ማውጫ፣ ጣራ የሚሉትን ቃላት ጻፈና ጻፍኩ፣ ጻፍኩ እያለ ጮኸ። ሌሎቹ ሮጠው መጡ፤ እነሱም ጠመኔ ለመኑ። መጻፍ ከማንበብ ቀደመ ማለት ነው።

መምሪያ የሚባለው ነገር የተወለደው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አባባም ቀና ብለው የሰሙኝ እዚህ ላይ ስደርስ ነው። በ1909 ሞንቴሶሪ ዘዴዋን በመጽሐፍ ያወጣችው፣ መምህራንንም ለመጀመሪያ ጊዜ ያሠለጠነችው በቺታ ዲ ካስቴሎ፣ በባሮን ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲና በባለቤቱ በአሊስ ግዛት ላይ ነው። መጽሐፉንም ለእነሱ መታሰቢያ አድርጋዋለች።

«ፍራንኬቲ?» አሉ አባባ። «የኤርትራው ፍራንኬቲ?»

እሱው ነው። ይህ ሰው በ1890ዎቹ መጀመሪያ የጣሊያን መንግሥት በኤርትራ ደጋ ገበሬ ለማስፈር ላቀደው ሥራ ኃላፊ ሆኖ የተላከ የምክር ቤት አባል ነበር። በ1893 የመጀመሪያዎቹን ጥቂት የጣሊያን ገበሬ ቤተሰቦች ጎዶፈላሲ አካባቢ አሰፈረ። ባዶ ነው፣ የመንግሥት ነው እየተባለ የተከለለው መሬት ግን የእረኛው ግጦሽ፣ የባላገሩ ርስት ነበር። በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በሰገነይቲ ሲነሡ ከምክንያቶቹ አንዱና ዋናው ይኸው የመሬት ነጠቃ ነበር። ደጃዝማቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐላይ ላይ ወደቁ። ነገሩ ግን በዚያ አልበረደም፤ ኮአቲት፣ አምባላጌ፣ ከዚያም አድዋ ተከተለ። የሰፈራው ሥራም ከሸፈ፤ ፍራንኬቲ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሰውየው ግን እንዲሁ በአንድ ቃል የሚጠቀለል አይደለም። በወጣትነቱ ወደ ሲሲሊ ወርዶ የድሃውን ገበሬ መከራ መርምሮ መጽሐፍ የጻፈ ነው። ለጣሊያን ድሃ መሬት ይገባዋል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፤ መሬቱ የማን ነው የሚለውን ግን ባሕር ሲሻገር ረሳው። ከሚስቱ ጋር በግዛቱ ላሉ የገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተዋል። በ1917 ራሱን ሲያጠፋ መሬቱን ለሚያርሱለት ገበሬዎች ተናዝዟል። ኤርትራ ውስጥ ያልታየው ፍርድ ኡምብሪያ ውስጥ ታየው። አባባ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙና «ተናዘዘ? ለእነማን?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። ለኡምብሪያ ገበሬዎች መሆኑን ደገምኩላቸው።

ወደ መምሪያዎቹ ልመለስ። የ1909ኙ መጽሐፍ በ1912 በእንግሊዝኛ ሲወጣ አሜሪካ ተጥለቀለቀች። መጽሐፉ ግን ወፍራም ነው፣ ፍልስፍና ይበዛዋል፤ ለእናት አይመችም። ይህን ክፍተት ያየችው ሮማ ድረስ ሄዳ የሕፃናት ቤቶቹን የጎበኘችው አሜሪካዊት ደራሲ ዶሮቲ ካንፊልድ ፊሸር ናት። በዚያው በ1912 ለእናቶች የሚሆን መጽሐፍ፣ በ1913 ደግሞ መምሪያ አሳተመች። ሞንቴሶሪ በ1914 አጠር ያለች፣ ሥዕል ያላት መምሪያ ስታወጣ ስሟን «የዶክተር ሞንቴሶሪ የራሷ መምሪያ» ብላ ሰየመችው። «የራሷ» የሚለው ቃል በከንቱ አልገባም። ከመቶ ዓመት በፊትም ክርክሩ ይኸው ነበር ማለት ነው፤ እውነተኛው መምሪያ የማነው?

እትዬ ከላከችልኝ መካከል ይህች የ1914ቷ አንዷ ናት። ያን ያህል ዘመን አልፏት ከሁሉም የምትጠቅመው እሷ መሆኗ ገረመኝ። ሳምንትና ቀን አትቆጥርም። ዕቃውን ታሳያለች፣ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ትነግራለች፣ ከዚያ አዋቂው ዘወር ይበል ትላለች። ሌላዋ የ1968ቷ የኤልዛቤት ሄይንስቶክ መጽሐፍ ናት። እሷ ደግሞ ቤት ላለች እናት የተጻፈች ስትሆን ዕቃውን ከካርቶንና ከጨርቅ እንዴት እንደሚሠሩት ታስተምራለች። ባለ ሰንጠረዡን ግን በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት። ልጄ ማክሰኞ የተጻፈውን ነገር ለአሥር ቀን ስትደጋግመው ሰነበተች፤ ሰንጠረዡ ደግሞ ረቡዕ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። የሞንቴሶሪ ነገር ሁሉ ልጁ ሲደጋግም አታቋርጪው በሚለው ላይ የቆመ ሆኖ ሳለ በቀን የተሸነሸነ መምሪያ ከየት መጣ? መቼም መሸጥ ስላለበት ነው።

ኋላ የሰማሁት ሌላም ነገር አለ። ዓለም አቀፉ ማኅበር በሚሰጠው ሥልጠና ላይ ሠልጣኙ መምሪያ አይታደለውም። ትምህርቱን እየሰማ፣ ዕቃውን በእጁ እየሠራበት፣ እያንዳንዱን አቀራረብ ራሱ ጽፎ የራሱን ጥራዝ ያዘጋጃል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቅኔውም የዜማውም ተማሪ እንዲሁ እየጻፈ አይደል የሚወጣው? እኔም አንድ ደብተር ገዛሁና የታዘብኩትን መጻፍ ጀመርኩ።

የአባባ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። መልሱ ደስ የሚል አይደለም። በ1924 ሙሶሎኒ ለዘዴው ድጋፉን ሰጠ። ራሱም ባንድ ወቅት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። በአራት ዓመቱ የሚጽፍ፣ ሥርዓት ያለው፣ ጸጥ ያለ ሕፃን ለፋሺስት መንግሥት የሚያኮራ ዕቃ መስሎ ታየው። ሞንቴሶሪም ድጋፉን ተቀበለች፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሥልጠና ተዘረጋ። እንዲህ ባለ ሁኔታ አሥር ዓመት ሞላ። በ1932 በጄኔቭ ስለ ሰላምና ትምህርት ንግግር ስታደርግ እንኳ ከአገሯ መንግሥት ጋር ጨርሳ አልተለያየችም። ልዩነቱ የጠናው መንግሥት በመምህራኖቿና በትምህርት ቤቶቿ ላይ እጁን ሲያስገባ ነው። በ1934 ጣሊያንን ለቃ ወጣች፤ ትምህርት ቤቶቿም ተዘጉ። ያ ዓመት የወልወል ዓመት ነው። በተከታዩ ዓመት ኦክቶበር ላይ የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር እሷ በስደት ላይ ነበረች።

በበኩሌ ይህን አላለሳልሰውም። ዘዴዋን ለማስፋፋት ብላ የማንንም እጅ ጨብጣለች፤ የፍራንኬቲንም የሙሶሎኒንም። ያለፈችበት መከራም እውነት ነው። በ1936 የስፔይን የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ከባርሴሎና ሸሸች። በ1939 ከማሪዮ ጋር ሕንድ ሄደች። በ1940 ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ እንግሊዞች ልጇን አሠሩት፤ እሷንም እንዳትንቀሳቀስ ከለከሏት። ሰባ ዓመት በሞላት ዕለት የሕንዱ እንደራሴ ማሪዮን ፈትቶ ሲሰድላት ልጅሽን ለቀንልሻል ተባለች። በአደባባይ ልጇ ተብሎ የተጠራው በጠላት መንግሥት ወረቀት ነው። በ1952 ሆላንድ ውስጥ አረፈች።

አባባ ሰምተው ሲጨርሱ «እንግዲህ አውቀሻል» አሉ። አስተምሪም አታስተምሪም አላሉም።

እኔ አስተማርኩ። ችግሩ ፊደሉ ላይ መጣ። የላቲኑ ፊደል ሃያ ስድስት ነው፤ በሸካራ ወረቀት ቆርጦ መለጠፍ የሁለት ቀን ሥራ ነው። የእኛ ግን 33 በ7፣ 231 ነው። የትኛውም መምሪያ ለዚህ መልስ የለውም። አናጺ ከጣለው ቁርጥራጭ እንጨትና ከሸካራ ወረቀት መጀመሪያ ግዕዞቹን ብቻ ሠራሁ። ከዚያ ካዕቡን፣ ሣልሱን እያልኩ ስቀጥል ልጄ ራሷ ለ እግሩ ሲለወጥ ድምፁ እንደሚለወጥ ነቃችበት። መንታዎቹን፣ ሀሌታውንና ሐመሩን፣ ንጉሡንና እሳቱን ለኋላ አቆየኋቸው። አባባ በዚህ ተቆጡ፤ «ንጉሡ ሠ ለኋላ የሚቆይ ነው?» አሉኝ። እሳቸው የተማሩት የኔታ ዘንድ፣ በስንደዶ እየተጠቆመላቸው ነው። ሀሁ ብለው ሲዘልቁ፣ በቃል ይዘውት እንዳይሆን የኔታ አቡጊዳ ብለው ተራውን ያፋልሱባቸዋል። ስህተቱ ያኔ በራሱ ይወጣል። ሞንቴሶሪ ዕቃው ራሱ ስህተቱን ይንገረው የምትለው ነገር፣ የአቡጊዳ ሠሪዎች ያወቁት ነገር መሆኑን እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ።

ሦስት ደረጃ ያለው አቀራረብም አለ፤ ከሴጌን የተወሰደ ነው። መጀመሪያ «ይህ መ ነው» ትያለሽ። ቀጥሎ «መን ስጪኝ» ትያለሽ። «ይህ ምንድን ነው?» የሚባለው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለተኛው ካልተሳካ ሦስተኛው አይጠየቅም፤ ዕቃው ተነሥቶ ሌላ ቀን ይመጣል። እኛ አገር ሁላችንም የተጠየቅነው ከሦስተኛው ጀምሮ ይመስለኛል፤ ያውም ከቁንጥጫ ጋር።

ግቢያችን ውስጥ የምንኖረው ሦስት አባወራ ነን። ስለዚህ የሦስት፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ተጨመሩ። መምሪያዎቹ የማይናገሩት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ዘዴው ለብቸኛ ልጅ አልተሠራም። ሳን ሎሬንዞ ሃምሳ ልጅ ነበረው፤ ታናሹ ከታላቁ ይማር ነበር። ምስር መልቀም፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ሽምብራ ከሲኒ ወደ ሲኒ መገልበጥ ጀመርን። የፕላስቲክ አትስጪ፣ የሚሰበር ስጪ ይላል መምሪያው። ሰጠሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከእናቴ የወረስኩት ስድስቱ ሲኒ አራት ሆነ። ጎረቤቴ «እረ ልጆቹን ምን እያደረግሻቸው ነው?» አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ምንም አልተሰበረም፤ በሦስተኛው አንድ ተሰበረ፣ እሱን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ልጄ መጀመሪያ በራሷ ደርድራ የጻፈችው ቃል «ቡና» ነው፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም.። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ስትመለስ ፊደሉን ታውቀዋለች፤ ተቀምጦ መዋል ግን አስቸገራት፤ ለዚህም መምህሯ ወቅሳኛለች። ትክክል ልትሆን ትችላለች።

እትዬ ሰሞኑን የባለቤቷ እኅት ልትወልድ ነው፣ የትኛውን መምሪያ ልግዛላት ብላ ጠየቀችኝ። የ1914ቷንና የ1968ቷን አልኳት፤ ባዶ ደብተርም ጨምሪላት አልኩ። የእኔዋ የ1914ቷ ቅጂ አሁን አባባ ዘንድ ነች። መልሰው ሲያመጡልኝ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእርሳስ የጻፉት አለ፦ «ሰገነይቲ፣ ታኅሣሥ 1887»። ከሥሩ ደግሞ 231 ፊደሎቹን በየሰባት ሰባት ደርድረዋል፤ ንጉሡን በተራው አስገብተው። ሠ ትጨመር ብለው መልሰው ወሰዱት።